የግዑዝ ፍጥረት ምስጋና፤ ስለ ከበሮና ስለ ሠሪው

ልበ አምላክ ዳዊት በ148ኛው መዝሙሩ ፍጥረትን ሁሉ ለምስጋና በሚጠራበት ጊዜ መላእክትንና ሰዎችን ብቻ ጠርቶ አያበቃም፤ ፀሐይንና ጨረቃን፣ እሳትንና በረድን፣ ተራሮችንና ኮረብቶችን፣ ፍሬ የሚሰጡትን ዛፎችና ዝግባዎችን፣ አራዊትንና እንስሳትን በየስማቸው እያነሣ ፈጣሪያቸውን እንዲያመሰግኑ ያዛቸዋል። ከዚያም መዝሙረ ዳዊት በሚፈጸምበት በ150ኛው ከበሮ ከምስጋና ዕቃዎች ጋር ተቈጥሮ ይገኛል። እነዚህን ሁለት መዝሙሮች አስተያይቶ ለሚያነብ ሰው፣ በፊተኛው ለየብቻቸው የተጠሩት ዛፍና እንስሳ በኋለኛው አንድ አካል ሆነው፣ ዛፉ ገላ፣ ቆዳው አፍ ሆኖለት፣ ወደ ተጠሩበት ምስጋና የቀረቡ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በሁለቱ መዝሙሮች መካከል ዳዊት ያልተናገረው አንድ ረዥም ሥራ አለ፤ ዛፍ ራሱን አይቈርጥም፣ ግንድ ራሱን አይፈለፍልም፣ ቆዳም ራሱን ፍቆ ራሱን አይወጥርም። ስለዚህ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ ግዑዝ ፍጥረት በእውነት ያመሰግናልን? ካመሰገነስ ምስጋናው የማን ነው? የዕንጨቱ ነውን፣ የሚመታው የመዘምሩ ነውን፣ ወይስ ጠርቦና ፈልፍሎ፣ ፍቆና ጠፍሮ ድምፅ እንዲኖረው ያደረገው የእጅ ባለሙያም ድርሻ አለበት?

ይህ ጥያቄ የሚነሣው ለመራቀቅ ያህል አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ44ኛው ምዕራፍ፣ ራሱ ተክሎ ዝናም ያሳደገለትን ዛፍ ቈርጦ፣ በእኩሌታው እንጀራውን ጋግሮ፣ ሥጋውን ጠብሶና እሳት ሞቆ ሲያበቃ፣ ከቀረው እኩሌታ አምላክ ቀርጾ የሚሰግድለትን ሰው ስንፍና ይገልጣል። ያም ሰው ሥራው መለካት፣ መጥረብና ማለዘብ ነበረ፤ በዚህ በኩል ከከበሮ ሠሪው የሚለይበት ነገር የለም። ከቀደሙት አበው መካከልም ቀለሜንጦስ ዘእስክንድርያና ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአሕዛብ በዓልና በስካር ማዕድ ይሰማ የነበረውን የመሣሪያ ዜማ ተጸይፈዋል፤ በመዝሙር የተነገሩትንም ዕቃዎች የሰውነትና የነፍስ ምሳሌ አድርጎ መተርጐም በዘመናቸው የተለመደ ነበረ፤ ዮሐንስ አፈ ወርቅማ እነዚያ መሣሪያዎች ለቀደሙት እስራኤል የተፈቀዱላቸው ስለ ድካማቸው ነው እስከ ማለት ደርሷል። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ልማዳዊ ሥርዐትም በዚሁ መንገድ ጸንቶ፣ ቅዳሴዋን በሰው ድምፅ ብቻ ስታዜም ኖራለች።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ዕንጨቱን አልፈራችም። ትውፊቷ፣ በ6ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ከነበረው ከማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ ጋር አያይዞ እንደሚነግረን፣ ከበሮን ከጸናጽልና ከመቋሚያ ጋር ወደ ቅኔ ማሕሌት አስገብታ የዜማዋ አገልጋይ አድርጋዋለች። ይህን ስታደርግ የነቢዩን ተግሣጽና የአበውን ጥንቃቄ ንቃ ነው ማለት አይቻልም፤ መልሷን የሰጠችው በክርክር መጽሐፍ ሳይሆን በሥርዐት ስለ ሆነ፣ መልሱን ለማግኘት የምንፈልግ ሁሉ በመጀመሪያ የከበሮውን አሠራር፣ ቀጥሎም በማሕሌት የተመደበለትን ስፍራ መመርመር ይገባናል።

በሀገራችን ለከበሮ ከሚመረጡት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ወፍራም ግንድ የሚያወጣ፣ ለመጥረቢያና ለመሮ የሚታዘዝ ስለ ሆነ፣ ለበርና ለመስኮት፣ ለወንበርና ለገበታም ሲፈለግ የኖረ ዕንጨት ነው። ባለሙያው ግንዱን ካስቈረጠ በኋላ ርጥበቱ በጥላ ሥር በዝግታ እንዲወጣ ይታገሣል፤ ፀሐይ ድንገት ያገኘው ርጥብ ዕንጨት ይሰነጠቃልና። ውጭውን፣ አንደኛው ወገን ሰፊ ሁለተኛው ወገን ጠባብ እንዲሆን አድርጎ ይጠርበዋል፤ ውስጡንም ከሁለቱ አፎች እየጀመረ ወደ መካከል ይፈለፍለዋል። ከሥራው ሁሉ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ መፈልፈል ነው። የገላው ውፍረት ከልክ ካለፈ ድምፁ ይታፈናል፤ ሌሊቱን ቆሞ ከበሮውን በአንገቱ አንግቶ ለሚያገለግለው መዘምርም ከባድ ሸክም ይሆንበታል። ከልክ በላይ ከሳሳ ደግሞ ጠፍሩ ሲወጠር ይተረተራል። በውፍረትና በስስነት መካከል ያለውን ልክ የሚያስታውቅ ከዕንጨቱ ውጭ የተቀመጠ መስፈሪያ የለም፤ ባለሙያው በጣቱ አንኳኵቶ ይሰማል፣ ጥቂት ያነሣል፣ እንደ ገናም አንኳኵቶ ይሰማል። ሁለት ግንድ አንድ ዐይነት ስለማይሆን፣ ትናንት በሠራው ከበሮ የተማረው ልክ ለዛሬው አይበቃውም፤ ስለዚህ በየጊዜው እንደ ጀማሪ ሆኖ መስማት አለበት።

ቆዳውም የራሱ ሥርዐት አለው። የበሬው ቆዳ በውሃ ተነክሮ ይለሰልሳል፣ ጠጕሩ ይፋቃል፣ በሥጋው ወገን የቀረው ስብ ይነሣል፤ ርጥብ ሳለም በሁለቱ አፎች ላይ ተዘርግቶ፣ ጠፍሩ ከሰፊው አፍ ወደ ጠባቡ፣ ከጠባቡም ወደ ሰፊው እየተመላለሰ ገላውን በሙሉ ይጠፍረዋል። ቆዳው ሲደርቅ እየተኰማተረ ራሱን በራሱ ይወጥራል። በዚህ ጊዜ ጠፍሩ በአንድ ወገን ጠብቆ በሌላው ወገን ከላላ ድምፁ ይሰበራል፤ ሠሪው ዙሪያውን እየዞረ፣ የላላውን እያጠበቀ፣ የጠበቀውን እያላላ፣ ሰፊው አፍ ጥልቁን፣ ጠባቡ አፍ ቀጭኑን ድምፅ አጥርቶ እስኪሰጥ ድረስ ያርመዋል። ተሠርቶ ካለቀም በኋላ እርማቱ አያልቅም፤ በክረምት ርጥበት ቆዳው ሲላላ ፀሐይ እንዲሞቅ ይደረጋል፣ በዘመን ብዛት ሲቀደድም በሌላ ይለወጣል።

ግምበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ሕንጻውን ከፍ ያደርጋል፤ ከበሮ ሠሪ ግን ሥራውን የሚያሳምረው በመቀነስ ነው። ግንዱ ሙሉ ሳለ ቢመቱት የሚሰጠው ድምፅ ደንቆሮ ነው፤ ባዶ ሲሆን ግን በጥቂት ንክኪ ብዙ ሕዝብ ይቀሰቅሳል። በገዳም የሚኖሩ አባቶቻችን ስለ ተባሕትዎ ሲያስተምሩ የነፍስን መሠራት እንዲሁ አድርገው ይገልጡታል፤ ነፍስ ለጸሎት የምትበቃው የያዘችውን እያበዛች ሳይሆን፣ ትዕቢቷንና ምኞቷን ከውስጧ እያወጣች ነው። ይሁን እንጂ ባዶነት ብቻውን ምስጋና እንዳይመስለን፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በፊተኛይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በ13ኛው ምዕራፍ፣ ፍቅር የሌለው ሰው በልሳነ መላእክት ቢናገር እንኳ ከሚጮኽ ናስ እንደማይሻል ያስጠነቅቀናል። ናሱም ይጮኻል፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደሚጮኽ የሚያውቅ ልብ ከበስተኋላው ከሌለ ጩኸቱ ከነፋስ ጩኸት አይለይም። እንግዲህ የዕንጨቱ መፈልፈል የምስጋና ቅድመ ዝግጅት ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ ፍጻሜውን ለማየት ከበሮው ከሠሪው ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ መቅደስ መግባት አለበት።

እዚያም ሲደርስ ሊቃውንቱ በክርስቶስ ሕማም ያመሠጥሩታል። ሰፊው አፍ የመለኮቱ ምሳሌ ነው፣ ስፋቱ አይመረመርምና፤ ጠባቡ አፍ የትስብእቱ ምሳሌ ነው፣ በጠባብ ደረት በአጭር ቁመት ተወስኖ ታይቷልና። ሌሎችም ሁለቱን አፎች ለብሉይና ለሐዲስ ኪዳን ይሰጧቸዋል። ገላውን የሚዞረው ጠፍር በጅራፍ ሲገረፍ በሰውነቱ ላይ የወጣው ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅ አይሁድ ያለበሱት ልብስ፣ ማንገቻው የታሰረበትና የተጐተተበት ገመድ፣ በሁለት እጅ መመታቱም በጥፊ የተመታበት ምሳሌ ይሆናል። ይህን ምሥጢር የሚያውቅ መዘምር ደስታን ሲያሰማ የሚመታው በሕማሙ አካል ላይ መሆኑን አይዘነጋም፤ የማሕሌታችን ደስታም ከልቅሶ ያልተለየ፣ ሕማምን አቋርጦ የመጣ ደስታ የሚሆነው ስለዚህ ነው። እኔም ከዚህ ምሥጢር ጋር አንድ ነገር መታሰብ አለበት እላለሁ፤ ዛፉ ተቈርጧል፣ በሬው ታርዷል፣ ስለዚህ በከበሮው የተመሰለው መሥዋዕትነት በትርጓሜ ብቻ የተጨመረበት አይደለም፤ ትርጓሜው ከመምጣቱ በፊት በሠሪው እጅ ውስጥ ያለፈ እውነተኛ ነገር ነበረ።

ሥርዐቱም ከበሮውን በልክ ይገዛዋል። አንድ ቃለ ዜማ አስቀድሞ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይዜማል፤ ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ በኋላ ነው በመረግድ ከበሮና ጸናጽል የሚነሡለት፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላም እየፈጠነ ሄዶ ወደ ጽፋት ይደርሳል። እንግዲህ ቃሉ ይቀድማል፣ ከበሮው ይከተላል፤ ያልተነገረውን ነገር ከበሮ ከራሱ አምጥቶ አይናገርም። ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜም ከበሮና ጸናጽል ዐርፈው፣ የጾመ ድጓው ዜማ በመቋሚያ ብቻ ይመራል። ኢሳይያስ የነቀፈው ግንድና የከበሮው ግንድ ልዩነታቸው እዚህ ላይ ጐልቶ ይታያል። ጣዖት የሚሠራው ምስጋና በእርሱ ዘንድ እንዲቀር ነው፤ ሰውን በፊቱ ያቆማል፣ ዝም በል የሚለውም የለም። ከበሮ ግን የሚሠራው ምስጋና በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ነው፤ ማንም አይሰግድለትም፣ በጾም ዝም በል ሲሉት ዝም ይላል፣ በትንሣኤ ተናገር ሲሉት ይናገራል። አበው የፈሩት መሣሪያ ሰውን የሚገዛበትን ዜማ ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ፍርሃታቸውን አክብራ፣ መሣሪያውን ከማባረር ይልቅ በቃል ሥር አዋለችው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን መመለስ ይቻላል። ዛፍ በዱር ቆሞ ሳለ በመኖሩና ፍሬ በመስጠቱ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ ይህን ዳዊት መስክሯል፣ የሠለስቱ ደቂቅም መዝሙር ፍጥረትን ሁሉ በየተራው እየጠራ ያረጋግጠዋል። ነገር ግን ዛፉ ስለ ምን እንደሚያመሰግን አያውቅም፤ ዕውቀቱ የተሰጠው ለሰው ነው። ሰው ከአፈር የተሠራ ሆኖ ሳለ የሕይወት እስትንፋስ እፍ ስለ ተባለበት፣ በአካሉ የግዑዙ ዓለም ወንድም፣ በነፍሱ የመላእክት ባልንጀራ ሆኖ፣ በሁለቱ መካከል እንደ ካህን ቆሟል፤ ግዑዙ ፍጥረት ሊናገረው የማይችለውን ምስጋና ተቀብሎ ወደ ላይ የሚያሳርገው እርሱ ነው። ስለዚህ ግዑዝ ፍጥረት ያመሰግናል፣ የሚያመሰግነውም በሰው በኩል ነው ብንል ከመጻሕፍትም ከልቡናም አንወጣም። ይህም እውነት ከሆነ፣ የከበሮው ምስጋና በቅኔ ማሕሌት አይጀምርም። ያን ዕንጨት ከዱር ተቀብሎ፣ ለዜማ እንዲበቃ አድርጎ ለካህኑ ያስረከበው ሰው የምስጋናው የመጀመሪያ አገልጋይ ነው።

ልባችንን ሊያሳዝን የሚገባው ነገርም እዚህ ላይ ይገጥመናል። ሀገራችን ለብዙ ዘመን በቆዳ የሚያገለግለውን ፋቂ፣ በብረት የሚያገለግለውን ቀጥቃጭ፣ በሸክላ የምታገለግለውን ሸክላ ሠሪ እያለች፣ የሥራቸውን ስም ስድብ አድርጋ ኖራለች፤ በማዕድ አለየቻቸው፣ በጋብቻ አራቀቻቸው፣ ቡዳ ናቸው ብላም ጠረጠረቻቸው። በብረትና በሸክላ ሥራቸው ሀገሩን ያገለገሉት፣ በጸሎታቸውም ከበሮና ቃጭል የሚያሰሙት ቤተ እስራኤል የዚህን ስድብ ከባድ ድርሻ ተሸክመዋል። ይህን ሁሉ ያደረገው ሕዝብ ያን ጊዜም በፋቂው እጅ የተፋቀውን ቆዳ፣ በቀጥቃጩ እጅ በተቀጠቀጠ መሮ የተፈለፈለውን ዕንጨት ታቦቱ ባለበት ስፍራ አቁሞ፣ በድምፁ ሐሤት ያደርግ ነበረ። ዕቃው ከቅኔ ማሕሌት ሲገባ ሠሪው ከደጅ እንዲቀር ማድረግ የጠባይ ክፋት ብቻ አይደለም፤ የሃይማኖት ስሕተትም ነው፤ ምስጋናውን ተቀብሎ የምስጋናውን የመጀመሪያ አገልጋይ መጣል ነውና።

አንዳንዱ፣ የእጅ ሥራ የእርግማን ፍሬ ስለ ሆነ፣ አዳምም በፊቱ ወዝ እንዲበላ የተፈረደበት በበደሉ ስለ ሆነ፣ ለሥራ ይህን ያህል ክብር መስጠት አይገባም ይል ይሆናል። ነገር ግን ኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር አዳምን ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ያኖረው ከበደሉ በፊት መሆኑን ይነግረናል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የምትቈጥረው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በገነት 7 ዓመት ሲሠራ መኖሩን፣ መላእክትም ሥራን እንዳስተማሩት ይተርካል። እንግዲህ በእርግማን የመጣው ወዙና እሾኹ ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ ሥራው ከመላእክት የተማርነው የገነት ቅሬታ ነው። ኦሪት ዘፀአትም በ31ኛው ምዕራፍ የይሁዳ ነገድ ሰው ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተመላ በሚናገርበት ስፍራ፣ ይህ መንፈስ የተሰጠው ወርቅና ብር፣ ድንጋይና ዕንጨት እንዲሠራበት መሆኑን ይገልጣል፤ ከእርሱ ጋርም ከዳን ነገድ ኤልያብን ይጨምርለታል። ለድንኳኑ የሚሆነውን ዕንጨትና ቆዳ ያዘጋጁት እጆች መንፈስ ቅዱስ ያልራቃቸው ከሆኑ፣ እኛ የምንርቃቸው በማን ሥልጣን ነው?

ከዚህም የበለጠ ምስክር በግብረ ሐዋርያት አለ። ሊቀ ሐዋርያት ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው ስምዖን በሚባል ቁርበት ፋቂ ቤት ነበረ፤ ይህ ሥራ የሞተ እንስሳ ስለሚያስነካ በአይሁድ ዘንድ የተናቀ ነበረ። ንጹሕና ርኩስ የተባሉትን እንስሳት የያዘው ታላቅ ጨርቅ ከሰማይ ሲወርድ ያየውም፣ እግዚአብሔር ያነጻውን ርኩስ እንዳይል የታዘዘውም፣ በዚያው በፋቂው ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ሳለ ነው። ወንጌል ወደ አሕዛብ ሁሉ የሚወጣበት በር በከተማው ካሉት ቤቶች ሁሉ በቁርበት ፋቂው ቤት የተከፈተው በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ሐዋርያው ያደረበትን ቤት እኛ ልንጸየፍ አይቻለንም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ዐዋጁ አፍን ቢከለክልም ልብን ለመለወጥ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ትምህርቱንም አብልጣ የመስጠት ግዴታ ያለባት በሥራቸው የምትጠቀመው ቤተ ክርስቲያን ናት። ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ድምፅ ማጉያ የአንዱን ከበሮ ድምፅ የብዙ ከበሮ ያህል ስላደረገው፣ የከበሮው ገላ ቢታረምም ባይታረምም ግድ የለም የሚሉ አሉ፤ መኪና ጠርቦ የሚያወጣው ዕቃም ፈጥኖና ረክሶ ይገኛል። እግዚአብሔር በመኪና የተሠራውን ምስጋና አይቀበልም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የእጅ ሥራ ከዕቃው ሌላ ሰውንም ይሠራል፤ ዓመታቱን በመስማትና በማረም የፈጸመ ባለሙያ፣ ትዕግሥትን፣ ልክ ማወቅን፣ ከራሱ ፈቃድ ይልቅ የዕንጨቱን ጠባይ መስማትን ተምሯል፤ እነዚህም መነኩሴው በበዓቱ የሚማራቸው ምግባሮች ናቸው። ይህ ሙያ ቢጠፋ የሚጐድልብን የድምፅ ጥራት ብቻ አይሆንም፤ አንድ የቅድስና መንገድ ይዘጋል።

ስለዚህ ማድረግ የሚገባንን በግልጥ ልናገር። በቅዳሴያችን መባ ስለሚያመጡ ሰዎች የሚጸለይ ጸሎት አለ፤ የከበሮ ሠሪው፣ የፋቂውና የቀጥቃጩ ሥራ መባ መሆኑን ካህናቱ ለሕዝቡ ያስተምሩ፣ ከበሮ አዲስ በገባ ቀንም የሠሪው ስም በጸሎቱ ይታሰብ። አጥቢያው ለባለሙያው የሚከፍለው ዋጋ የድካሙን ልክ ያህል ይሁን፤ በረከቱ ይበቃሃል ብሎ የሠራተኛውን ደመወዝ ማስቀረት ሐዋርያው ያዕቆብ አጥብቆ የገሠጸው ግፍ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማ የሚማሩ ደቀ መዛሙርት የሚመቱት ከበሮ እንዴት እንደሚጠረብና እንደሚጠፈር ከባለሙያው ቤት ሄደው ይዩ፤ እንደ ደብሩ አለቃም ጐንበስ ብለው እጅ ይንሡት። በየደብሩ ቅጥር ግቢም ዋንዛ ይተከል፤ ለልጅ ልጅ ከበሮ የሚሆነው ግንድ ዛሬ ካልተተከለ በዚያን ጊዜ አይገኝም።

ግዑዝ ፍጥረት ፈጣሪውን እንደሚያመሰግን አምነን በማሕሌት ሌሊቱን የምንቆም ሁሉ፣ ምስጋናው በሰው እጅ በኩል እንደሚያልፍም ማመን አለብን፤ ያን እጅ እየናቅን ድምፁን ብቻ ብንወድድ፣ ዳዊት ከጠራው የምስጋና ማኅበር አንዱን አባል ቈርጠን አስወጥተናል። እርሱን መልሰን በተገባው ስፍራ ስናቆመው ግን፣ ከዱር እስከ መቅደስ ያለው የምስጋና መንገድ ሳይቋረጥ ይገናኛል፣ ማሕሌታችንም ምሉዕ ይሆናል።